«ተጣርቷል» የተባለው ፍሳሽ ወደ ጅረታችን ሲመጣ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጅማ ነው። ከሰፈራችን በላይ ያለ አንድ የፍሳሽ ማጣሪያ ውሃውን ወደ አዌቱ ወንዝ በሚገባው ትንሽ ጅረታችን ሊለቅ መሆኑን ሰምተናል። ስንጠይቅ «የተጣራ ስለሆነ ስጋት አይግባችሁ» ተባልን። በዚህ ጅረት ጎመንና ሰላጣ ይለማበታል፣ ከብት ይጠጣዋል፣ ልብስ ይታጠብበታል። በእድራችን በኩል ፊርማ እያሰባሰብን ነው። ሌላ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ፊርማው ይቀጥል፤ ከፊርማው ጎን ግን ጅረታችሁን ለኩ። ማጣሪያ ቆሻሻን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያስወግድም። የቀረው ቆሻሻ ጉዳት ማድረስ አለማድረሱን የሚወስነው የሚቀበለው ውሃ ብዛት ነው።

በቁጥር እንየው። ማጣሪያው በሰከንድ 10 ሊትር ይለቃል እንበል፤ ቢኦዲው (ተሕዋስያን ቆሻሻውን ሲያብላሉ የሚፈጁት ኦክስጅን) በሊትር 30 ሚሊግራም፣ የጅረቱ ደግሞ 3 ሚሊግራም ይሁን። በሐምሌ ጅረቱ በሰከንድ 200 ሊትር ቢፈስ ድብልቁ 4.3 ገደማ ይሆናል፤ ይህን ጅረቱ ይችለዋል። በየካቲት ወደ 20 ሊትር ሲወርድ ግን ያው ፍሳሽ ድብልቁን 12 ያደርሰዋል። ማጣሪያው ምንም ሳያጠፋ ጅረቱ በበጋ ይታፈናል። ስለዚህ በክረምት ብቻ በተለካ ውጤት ላይ የተመሠረተ ማረጋገጫ አትቀበሉ።

ፍሰቱን ለመለካት ሜትር፣ ሰዓትና አንድ ብርቱካን ይበቃል። ጅረቱ ቀጥ ብሎ የሚፈስበት 10 ሜትር ምረጡ። ስፋቱን ለኩ፤ ጥልቀቱን ከዳር እስከ ዳር አምስት ቦታ ለክታችሁ አማካዩን ያዙ። ብርቱካኑ አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሆን ነፋስ አይገፋውም፤ አምስት ጊዜ ልቀቁትና አማካይ ጊዜውን ውሰዱ። ስፋት 1 ሜትር፣ ጥልቀት 0.15 ሜትር፣ 10 ሜትሩን በ50 ሰከንድ ከሄደ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.2 ሜትር ነው። ሦስቱን አባዙና በ0.85 አባዙት፤ የላዩ ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን ማስተካከያ ያስፈልገዋል። ውጤቱ 0.0255 ሜትር ኩብ፣ ማለትም በሰከንድ 25 ሊትር ያህል ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት በየሳምንቱ እየለካችሁ በደብተር መዝግቡ።

ቀጥሎ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሰነዱን ጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ስታገኙት መጀመሪያ የበጋው ዝቅተኛ ፍሰት ተጽፎ እንደሆነ፣ አልጌ የሚያበዙት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ስለመቀነሳቸው ምን እንደሚል፣ በክሎሪን የሚታከም ከሆነም ክሎሪኑ ከመለቀቁ በፊት እንዴት እንደሚወገድ ተመልከቱ። በሊትር 0.02 ሚሊግራም የሚሆን ክሎሪን እንኳ ለዓሣ አደገኛ ነው። ከሁሉ በላይ ግን «መብራት ሲጠፋስ?» ብላችሁ ጠይቁ። አየር የሚነፉት ማሽኖች ሲቆሙ ማጣሪያው ውስጥ ያሉት ጠቃሚ ተሕዋስያን ኦክስጅን ያጣሉ። ጄኔሬተርና ፍሳሹን ለጊዜው የሚይዝ ገንዳ ከሌለ ያልተጣራው በቀጥታ ወደ እናንተ ይመጣል። ይህ በሰነዱ ከሌለ ዋናው መከራከሪያችሁ ይኼ ነው።

አቤቱታ ለማቅረብ የግድ ተጎጂ መሆን አይጠበቅባችሁም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው ጉዳት ለሚያደርስ ወይም ሊያደርስ ለሚችል ድርጊት ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት እንዲያመለክት ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ብዙ አቤቱታ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው፦ ማመልከቻው በእጅ ይሰጥና ቀኑን የሚያስረዳ ነገር አይኖርም። በመዝገብ ቤት አስገቡት፤ ማህተምና ቀን ያረፈበት ቅጂም ሳትይዙ አትውጡ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻውን በአፋን ኦሮሞ ጻፉት።

ጥያቄ፦ ውሃውን በሃይላንድ ቀድተን ብናስመረምር ማስረጃ ይሆነናል?

መልስ፦ በሃይላንድ የተቀዳ ውሃ በመጀመሪያው ጥያቄ ውድቅ ይሆናል። የንጹሕ ጠርሙስ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ክሎሪን ያለበት ውሃ ከሆነ ጠርሙሱ ውስጥ ክሎሪኑን የሚያከሽፍ ሶዲየም ታዮሰልፌት መኖር አለበት። አለበለዚያ ክሎሪኑ በመንገድ ላይም ባክቴሪያ ሲገድል ይቆይና ውጤቱ ከእውነቱ የተሻለ ይመስላል። ጠርሙሱን ከሚመረምርላችሁ ላቦራቶሪ ውሰዱ፤ ስለ ምርመራው የጅማ ዩኒቨርሲቲን የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ማማከር ይጠቅማል።

ከሦስት ቦታ ቅዱ፦ ከቱቦው በላይ፣ ከቱቦው አፍ፣ ከቱቦው በታች ውሃው በደንብ ከተደባለቀ በኋላ። የላይኛው ናሙና ከሌላችሁ «ጅረቱ ድሮም ቆሻሻ ነበር» የሚለውን መመለስ አትችሉም። በበረዶ አቀዝቅዛችሁ፣ ብርሃን ሳይነካው፣ ለባክቴሪያ በ6 ሰዓት፣ ለቢኦዲ በ24 ሰዓት ውስጥ አድርሱ። የቀዳው ሰው፣ ሰዓቱና የተረከበው ሰው ፊርማ ይጻፍ።

የተሟሟ ኦክስጅን ግን ተጭኖ አይሄድም፤ በመሣሪያ እዚያው ይለካል፣ ያውም ጎህ ሳይቀድ 11 ሰዓት ላይ። ቀን ላይ በውሃው የሚበቅለው አረንጓዴ አልጌ ኦክስጅን ስለሚያመርት የታመመ ጅረትም ጤነኛ ይመስላል። በጅማ ከፍታ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ ውሃ የሚይዘው በሊትር ወደ 7.4 ሚሊግራም ነው፤ ስለዚህ በባሕር ጠለል የሚጠበቀውን 9 አትጠብቁ።

ጥያቄ፦ አትክልቱንስ እንተው?

መልስ፦ ሁሉንም አይደለም። ጎመን ይበስላል፤ የሚያሰጋው በጥሬው የሚበላው ሰላጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣውና በ2006 በአዲስ የተካው መመሪያ በጥሬው ለሚበላ አትክልት ውሃው በ100 ሚሊሊትር ከ1000 የማይበልጥ የሰገራ ኮሊፎርም (ውሃው በሰገራ መበከሉን የሚያሳይ ባክቴሪያ)፣ በሊትር ደግሞ ከ1 የማይበልጥ የትል እንቁላል ሊኖረው ይገባል ይል ነበር። ክሎሪን ባክቴሪያን ቢገድልም የወስፋት እንቁላልን እምብዛም አይነካውም፤ እንቁላሉ ግን ከባድ ስለሆነ በረጋ ውሃ ይዘቅጣል። ውሃውን በጉድጓድ አንድ ቀን አሳድራችሁ፣ ታችኛውን ሳትነኩ ከላይ ቅዱ። በባልዲ ቅጠሉ ላይ ከማፍሰስ በቦይ ሥሩን አጠጡ፤ ከመልቀማችሁ ጥቂት ቀናት በፊትም ማጠጣት አቁሙ።