ትንሽ አውሮፕላን ለመሥራት ለተነሣችሁ ወጣቶች፦ ስለ ራደር ትሪም

ውድ ልጆቼ፣

እዚህ ባሕር ዳር ምህንድስና እየተማራችሁ ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን በገዛ እጃችሁ ለመሥራት የምታስቡ ወጣቶች ንድፋችሁን ይዛችሁ ስትመጡ ደስታዬ ልክ የለውም። ሐሳባችሁ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በ1928 ዓ.ም. ሉድቪግ ቬበር በተባለው ጀርመናዊ መሪነት አዲስ አበባ አጠገብ አቃቂ ላይ የተሠራችው «ፀሐይ» የተባለች አውሮፕላን ወደ ጣልያን ተወስዳ ከኖረች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመልሳለች። ነገር ግን በንድፎቻችሁ ላይ ክንፉና ሞተሩ በጥንቃቄ ተሥለው ሳለ፣ በራደሩ፣ ማለትም በፔዳል እየታዘዘ አፍንጫውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በሚያዞረው የጅራት መቅዘፊያ፣ የኋላ ጠርዝ ላይ የምትቀመጠው መዳፍ የማትሞላ ላሜራ «በኋላ ይታያል» ተብላ ስትታለፍ አያለሁ። ዕድሜዬን በአውሮፕላን ጥገና ያሳለፍሁ ሰው እንደ መሆኔ ስለ እርሷ የማውቀውን ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ከአብራሪው ወንበር ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ የሚዞር ፕሮፔለር ነፋሱን እያጠማዘዘ ወደ ኋላ ይልከዋል። ያ ነፋስ ቋሚውን የጅራት ክንፍ በግራ ጎኑ ይመታውና ጅራቱን ወደ ቀኝ፣ አፍንጫውን ወደ ግራ ይገፋል። አፍንጫው ቀና ብሎ ከፍታ በሚጨምርበት ጊዜ ደግሞ ወደ ታች የሚወርደው ቀኙ የፕሮፔለር ክንድ ከግራው የበለጠ ስለሚስብ ግፊቱ ይብሳል። አብራሪው ይህን የሚመልሰው ቀኝ ፔዳሉን በመጫን ነው። እግር መድከሙ ቀላሉ ጉዳት ነው፤ የሚያስፈራኝ፣ የመንሸራተት መለኪያዋ ኳስ ሁልጊዜ ከመሐል ወጥታ ማየት የለመደ አብራሪ ለማረፍ ፍጥነቱን ቀንሶ ሲታጠፍም እንደዚያው መተዉ ነው። አውሮፕላን እየተንሸራተተ ክንፉ ነፋሱን መያዝ ካቃተው እየተሽከረከረ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ለማስተካከያ የሚሆን ከፍታ የለም።

ትሪም፣ ማለትም አብራሪው ፔዳሉን ሳይጫን አፍንጫው ቀጥ እንዲል ራደሩን ማስተካከል፣ ግን የመጨረሻው ሥራ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ላሜራ ከማጠፋችሁ በፊት አውሮፕላኑ ለምን እንደሚጎትት እወቁ። በመጀመሪያ መሬት ላይ በውኃ ልክ አስተካክላችሁ አቁሙትና ኳሷ መሐል ላይ መሆኗን ተመልከቱ፤ መለኪያው ራሱ ጠምሞ ከተገጠመ የምታስተካክሉት የሌለ ችግር ነው። ቀጥሎ የሁለቱን ክንፎች የአቀማመጥ ማዕዘን አመሳክሩ፣ ፍላፖቹ (ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የሚወርዱት ሳንቃዎች) እኩል መዘጋታቸውን፣ የራደሩ ኬብሎችም አለመላላታቸውን እዩ። የጎማ መሸፈኛዎቹን ደግሞ ከኋላ ርቃችሁ ቆማችሁ ተመልከቷቸው፤ አንዱ በጥቂት ዲግሪ ወደ ጎን ከዞረ እንደ ሌላ ራደር ሆኖ ይሠራል። የጠመመን አካል በትሪም መሸፈን ነፋሱን ከነፋስ ጋር ማታገል ነው፤ ፍጥነትም ነዳጅም ይበላል።

ንድፉ ገና በወረቀት ላይ ሳለ የቋሚውን የጅራት ክንፍ የፊት ጠርዝ በጥቂቱ ወደ ግራ ማዞር ወይም ሞተሩን በጥቂቱ ወደ ቀኝ ማስቀናት ይቻላል። ከተሠራ በኋላ የሚቀረው ላሜራዋ፣ ወይም በራደሩ ጠርዝ ላይ የሚለጠፍ ሽብልቅ፣ ወይም ከፔዳሉ ጋር የሚያያዝ ስፕሪንግ ነው። እኔ ለጀማሪ የምመርጠው ሽብልቁን ነው። ከቀላል እንጨት ተጠርቦ ወፍራም ጎኑ ከራደሩ የኋላ ጠርዝ ጋር እኩል እንዲሆን ለሙከራ በጠንካራ ቴፕ ይለጠፋል። አፍንጫው ወደ ግራ የሚጎትት ከሆነ ሽብልቁ የሚለጠፈው በራደሩ ግራ ጎን ነው። ብዙዎቻችሁ እዚህ ላይ ትገለብጡታላችሁ፤ በግራ በኩል የተለጠፈው ሽብልቅ፣ ወይም ወደ ግራ የታጠፈችው ላሜራ፣ ራደሩን የሚገፋው ወደ ቀኝ ነውና። መጀመሪያ ረዘም አድርጋችሁ ለጥፉት፤ አብራሪው ክንፉን አስተካክሎ፣ እግሩን ከፔዳሉ አንሥቶ ኳሷን ያንብብ፤ ከዚያ ኳሷ መሐል እስክትገባ በየበረራው ከርዝመቱ በጥቂት በጥቂቱ ቁረጡለት። ላሜራ የምትጠቀሙ ከሆነ በባዶ ፒንሳ አትጠምዝዟት፤ በሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች መካከል ይዛችሁ እጠፏት። ወዲያና ወዲህ የተመላለሰ አሉሚኒየም ይደርቅና ይሰነጠቃል።

የምትጨምሩት ነገር ሁሉ ቀላልና የማይነቃነቅ ይሁን። ከራደሩ ማጠፊያ በስተኋላ የሚጨመር ክብደት የራደሩን ሚዛን ያዛባል፤ የላላ ላሜራ ደግሞ ፍላተር የሚባለውን መርገብገብ ሊያስነሣ ይችላል፤ ይህም ጅራትን በጥቂት ሴኮንዶች ሊገነጥል የሚችል ነገር ነው።

ለእኛ አካባቢ የተለየ ነገር አለ። ጣና ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በ16 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲጨመርበት ተርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ለመነሣት ሙሉ ጋዝ ተሰጥቶትም ከኃይሉ ሦስት አራተኛ ያህሉን ብቻ ነው የሚሰጠው። የሞተሩ ኃይልና የነፋሱ ግፊት ዝምድና እዚህ ሌላ ነውና በዝቅተኛ አገር የተሞከረ አውሮፕላን ላይ የተጻፈውን የማዕዘን ልክ አትቅዱ፤ እዚሁ ለክታችሁ አግኙት። ከሲቪል አቪዬሽን ባለስልጣን ፈቃድ ስታገኙ ሙከራውን የሐይቁ ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ አድርጉት፤ ከሰዓት በኋላ ኳሷ ከወዲያ ወዲህ ስለምትዋልል የምታነቡት ቁጥር አይታመንም።

መሬት ላይ የሚስተካከል ትሪም ልክ የሚሆነው ለአንድ ፍጥነትና ለአንድ የሞተር ኃይል ብቻ ስለሆነ ረጅሙን ሰዓት ለምትበሩበት የጉዞ ፍጥነት አስተካክሉት። ከፍታ ሲጨመር ቀኝ እግር፣ ሞተር ተቀንሶ ሲወረድ ግራ እግር በጥቂቱ መጫን ይቀራል፤ ይህ የሥራችሁ ጉድለት አይደለም። የመጨረሻውን ማዕዘን ወይም የሽብልቁን ርዝመት በአውሮፕላኑ መዝገብ ላይ ጻፉት። ከእያንዳንዱ በረራ በፊትም በጣታችሁ ዳስሱት፤ አውሮፕላኑን በእጅ ሲገፉ ራደሩን የሚደገፉ ሰዎች ላሜራዋን ሳያውቁ ያጣምሟታልና።