አንድ ውድ ካሜራ ወይስ ሁለት አነስ ያሉ?

«ሁለት ዓመት ሰርግ ስቀርጽ ቆይቻለሁ። አሁን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አዲስ አበባ ትንሽ ስቱዲዮ ልንከፍት ነው። ካሜራውን አሜሪካ ያለው ወንድሜ ይዞልን ይመጣል። ገንዘባችን ለአንድ ሶኒ ኤፍኤክስ3 ወይም ለሁለት ኤፍኤክስ30 ይበቃል። ስናድግ የማንጥለው የቱ ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል።

እህቴ፣ ሁለቱን ኤፍኤክስ30 ግዙ። ሰርግ እንደሆነ አይደገምም። ቀለበት ሲታሰር ካሜራው ቢቆም ሙሽሮቹን «እስኪ እንደገና» አትያቸውም። ቃለ መጠይቅም ቢሆን በሁለት ካሜራ ሲቀረጽ ኤዲተሩ እፎይ ይላል።

«የሚያድግ ካሜራ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያየው ቦዲውን፣ ማለትም ያለ ሌንስ ካሜራውን ራሱን ነው። ቦዲ ግን ቶሎ ይቀየራል፤ አብሮሽ የሚከርመው ሌንሱ ነው። ኢ-ማውንት የሚባለው የሶኒ ሌንስ መግጠሚያ ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ፤ ሁለቱም ካሜራዎች የሚጠቀሙት እሱን ነው። ስለዚህ ከአሁኑ የፉል ፍሬም ሌንስ ያዙ፤ እንደ ኤፍኤክስ3 ላለ ትልቅ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) የተሠራውን ማለቴ ነው። ነገ ኤፍኤክስ3 ስትጨምሩ ሌንሱም፣ ባትሪውም፣ ካርዱም፣ ማይክ የሚሰካበት የድምፅ እጀታውም እዚያው ላይ ይሠራል።

ጉድለቱንም ልንገርሽ። የኤፍኤክስ30 ሴንሰር አነስ ያለ ስለሆነ 24 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ እንደ 36 ሚሊ ሜትር ሌንስ አጥብቦ ያሳያል። ሙሽራዋ ቤት፣ ዘመድ ሁሉ በታጨቀበት ሳሎን ውስጥ ይህ ያስቸግርሻል። ሰፋ አድርጎ የሚያሳይ ሌንስ አስቀድሙ። በጨለማም ከኤፍኤክስ3 ይደክማል፤ ለማታ ፕሮግራም ላይት ያዙ።

ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ስቱዲዮ ሠርቻለሁ። ካሜራዎቻችን የተለያየ ብራንድ ነበሩ። የአንዷን ሙሽራ ፊት በሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ለማድረግ ስንት ሌሊት እንዳነጋሁ አልረሳውም። ሁለት አንድ ዓይነት ካሜራ የምልሽ ለዚህም ነው።

ገንዘቡን በሙሉ ካሜራ ላይ አትጨርሱት። 4ኬ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ሲቀረጽ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል። ሁለት ካሜራ ስድስት ስድስት ሰዓት ከሠራ 540 ጊጋባይት ነው። ኮፒው ሲጨመር ከአንድ ቴራባይት ያልፋል፤ ያውም የአንድ ሰርግ ብቻ! የሃርድ ዲስኩን ብር ከወዲሁ ለዩት።

ወንድምሽ የጉምሩኩን ነገር አስቀድሞ ይጠይቅ። ካሜራው ከአሜሪካ ሲመጣ በኤንቲኤስሲ (60 ኸርዝ መብራት ባለበት አገር በሚሠራበት የቪዲዮ ስልት) ተስተካክሎ ሊሆን ስለሚችል ለ50 ኸርዝ ወደሚሆነው ፓል ቀይሩት። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሻተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጋችሁ ካልቀረጻችሁ የአዳራሹ መብራት ቪዲዮው ላይ ሊርገበገብ ይችላል። ስትቀይሩት ካርዱን እንደገና ፎርማት አድርግ ይላችኋል፤ ስለዚህ ሰርጉ ቀን አትነካኩት።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር። ሦስት ጓደኛሞች ናችሁ፣ ካሜራውን የሚያመጣው ግን ያንቺ ወንድም ነው። ስጦታ ነው? ብድር ነው? ወይስ ያንቺ ድርሻ? አንዳችሁ ብትወጡ ካሜራው ከማን ጋር ይቀራል? ወንድምሽ ከመግዛቱ በፊት ሦስታችሁ ተቀምጣችሁ ይህን ጽፋችሁ ፈርሙ።