ጀርመናዊ ላገባችሁ፦ የመኖሪያ ፈቃዱ የማን ነው? (ጥያቄና መልስ)

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የጀርመን ዜጋ ካገቡ ሰዎች ስለሆኑ የዛሬውን ሙሉ ለሙሉ ለጀርመን ሰጥቼዋለሁ። ሶስተኛዋን ጥያቄ የላከችው እህት በጣም ስላሳሰበችኝ የሷን በሰፊው ነው የመለስኩት፣ ተመሳሳይ ነገር ውስጥ ያላችሁ እባካችሁ እሱን ሳታነቡ እንዳታልፉ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጀርመናዊ ነው፣ የተጋባነው አዲስ አበባ ነው። ለቪዛው የሚጠየቀውን የኤ1 (የመጀመሪያ ደረጃ ጀርመንኛ) ፈተና ሁለቴ ወደቅኩ። ፈተናውን ሳላልፍ ቪዛ የማገኝበት መንገድ የለም? ወይስ በቱሪስት ቪዛ ሄጄ እዛው ብጨርሰው ይሻላል?

መንገድ አለ፣ ግን ጠባብ ነው። የጀርመን ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 በወሰነው መሰረት የጀርመን ዜጋ ያገባ ሰው ቋንቋውን ለመማር ከልቡ ሞክሮ በአንድ አመት ውስጥ ካልተሳካለት፣ ወይም ካለበት ሁኔታ አንፃር መማሩ ከአቅሙ በላይ ከሆነ፣ ያለ ሰርተፍኬቱ ሊሄድ ይችላል። ግን "ሞክሬ ነበር" ማለት ብቻ አይበቃም፣ የኮርስ ደረሰኝሽ፣ የተከታተልሽበት ወረቀት፣ የወደቅሽባቸው ውጤቶች ሁሉ ማስረጃ ስለሆኑ አንዱንም እንዳትጥዪ።

እኔን ከጠየቅሽኝ ግን አንዴ ደግመሽ ተፈተኚ። ማለፊያው ከ100 60 ነው። ንግግሩ ላይ መጀመሪያ ራስሽን ታስተዋውቂያለሽ፣ ስም፣ እድሜ፣ አገር፣ የምትኖሪበት ከተማ፣ የምትችያቸው ቋንቋዎች፣ ስራ፣ ሆቢ፣ ከዛ አንድ ቃል ፊደል በፊደል ያስጠሩሻል፣ አንድ ቁጥርም ያስነግሩሻል። ቀጥሎ ካርድ ታነሺያለሽ፣ ርዕሱ ምግብ ሆኖ ካርዱ ላይ "ቁርስ" የሚል ከወጣልሽ "ቫስ ኤሰን ዚ ጹም ፍሩሽቱክ?" ብለሽ አብሮሽ የሚፈተነውን ሰው ትጠይቂያለሽ፣ በመጨረሻ ስዕል አይተሽ የሆነ ነገር እንዲያደርግልሽ በትህትና ትጠይቂያለሽ፣ በቃ ይሄው ነው። ባልሽ እኮ ቋንቋውን ከእናቱ የተማረ ሰው ነው፣ ማታ ማታ ስትደዋወሉ አስር ደቂቃ በጀርመንኛ ብቻ አውሩ።

የቱሪስቱን ነገር እርሺው። የሼንገን ቪዛ ለ90 ቀን ጉብኝት ነው፣ በሱ ገብተሽ ልቅር ብትይ አብዛኛውን ጊዜ "ተመለሺና ትክክለኛውን ቪዛ ይዘሽ ነይ" ነው የሚሉሽ፣ በዛ ላይ ለጉብኝት ነው ብለሽ የሞላሽው ፎርም ፋይልሽ ውስጥ ተቀምጦ በኋላ ሊያስጠይቅሽ ይችላል።

ጥያቄ፦ በተክሊል ነው የተጋባነው፣ የቤተክርስቲያን ሰርተፍኬት አለን። ይበቃል? ደግሞ የአያቴ ስም ፓስፖርቴ ላይና ልደት ሰርተፍኬቴ ላይ በእንግሊዝኛ አጻጻፉ ይለያያል።

የኛ የቤተሰብ ሕግ በሃይማኖት የተፈፀመን ጋብቻ እኩል ይቀበላል፣ ግን ለቪዛው የቤተክርስቲያኑን ብቻ ይዘህ አትሂድ፣ ወረዳ ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ አስመዝግቡና የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን አውጡ። የስሙን ነገር ደግሞ አትናቀው ወንድሜ፣ ለኛ አንድ ፊደል ምንም አይደለም፣ ለነሱ ግን ሁለት የተለያየ ሰው ነው። ማመልከቻውን ከማስገባትህ በፊት ሁሉም ወረቀት ላይ አንድ አይነት አስደርገው፣ ከገባ በኋላ ማስተካከል ወራት ይበላል።

ጥያቄ፦ ጀርመን ከገባሁ ሁለት አመት ሊሞላኝ ነው። ባሌ በተጣላን ቁጥር "ደውዬ አስመልስሻለሁ" ይለኛል፣ ሁለቴም መቶኛል። ፓስፖርቴን እሱ ነው የሚይዘው። ብወጣ ወረቀቴን ያጠፋብኛል ብዬ ፈርቼ ተቀምጫለሁ።

እህቴ፣ መጀመሪያ ይሄን ያዢልኝ፣ ባልሽ ማንንም ከጀርመን ማባረር አይችልም። የሚወስነው አውስሌንደርቤሆርደ የሚባለው የውጭ ዜጎች ቢሮ ነው፣ ፈቃዱም የተሰጠው በስምሽ ነው፣ ፓስፖርትሽንም የመያዝ መብት የለውም።

ሕጉ እንዲህ ነው። ጀርመን ውስጥ በትዳር አብራችሁ የኖራችሁት 3 አመት ከሞላ ብትለያዩም የራስሽ የሆነ ፈቃድ ታገኛለሽ፣ የሚቆጠረው ከሰርጉ ቀን ሳይሆን እዛ አብራችሁ መኖር ከጀመራችሁበት ቀን ነው። አብዛኛው ሰው ይሄን ሰምቶ "እንግዲህ 3 አመት እስኪሞላ ልቻለው" ብሎ ዱላ ሲበላ ይከርማል፣ እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ያው ሕግ ቀጥሎ ምን ይላል መሰለሽ፣ ፈቃዱ የተሰጠው ሰው ከባድ ችግር ላይ ከወደቀ 3 አመቱ አይጠበቅም፣ የቤት ውስጥ ጥቃት ደግሞ በስም ተጠቅሶ እዛው ሕጉ ውስጥ አለ። ለመቆየት ብለሽ መመታት የለብሽም።

ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። ከመታሽ ሐኪም ጋ ሂጂና እንዲመዘግብልሽ አድርጊ፣ ሰንበሩን ፎቶ አንሺ፣ የላከልሽን የማስፈራሪያ ሜሴጅ ስክሪንሾት አድርገሽ ለምታምኛት ጓደኛ ላኪላት፣ ስልክሽን ሊወስድብሽ ይችላልና። አደጋ ላይ ከሆንሽ 110 ፖሊስ ነው። 116 016 ደግሞ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች 24 ሰአት የሚሰራ ነፃ መስመር ነው፣ ስምሽን ሳትናገሪ መደወል ትችያለሽ፣ በብዙ ቋንቋ አስተርጓሚ ያቀርባሉ፣ ፍራውንሃውስ የሚባለው የሴቶች መጠለያ ውስጥ ቦታ እንድትፈልጊም ይረዱሻል። ካሪታስና ዲያኮኒ የሚባሉት የቤተክርስቲያን የእርዳታ ድርጅቶች ደግሞ ለስደተኞች ነፃ የምክር ቢሮ አላቸው፣ ወደ አውስሌንደርቤሆርደ ከመሄድሽ በፊት እነሱን ወይ ጠበቃ አናግሪ።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምርልሽ። ጀርመን ለመፋታት በአብዛኛው መጀመሪያ አንድ አመት ተለያይቶ መቆየት ያስፈልጋል፣ ስለዚ አንዳንዱ ፍቺውን ለማፋጠን "ከአምናው ጀምሮ ተለያይተን ነበር" ብለን እንፈርም ይላል። እንዳትፈርሚ! እውነት አለመሆኑ አንድ ነገር ነው፣ ግን ደግሞ ተለያየን ያላችሁበት ቀን ለመኖሪያ ፈቃድሽ የሚቆጠረው ጊዜ የሚያበቃበት ቀን ነው፣ አንድ አመት ወደኋላ ስትገፊው የራስሽን 3 አመት ነው የምትቆርጪው። ያልገባሽን ወረቀት ማንም ቢያጣድፍሽ አትፈርሚ።

ጥያቄ፦ ከመጀመሪያ ትዳሬ የ15 አመት ልጅ አለኝ። እኔ ቀድሜ ሄጄ ብደላደል በኋላ ባመጣው አይሻልም?

አይሻልም። 16 ከሞላው በኋላ ለብቻው ከመጣ ሲ1 የሚባለውን ከፍተኛ የጀርመንኛ ደረጃ ወይም ተመሳሳይ ነገር ሊጠይቁት ይችላሉ፣ ሲ1 እኮ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበት ደረጃ ነው። ማመልከቻችሁን አንድ ላይ አስገቡ። የአባትየውን ፈቃድ በፅሁፍ ያዢ፣ ወይም ልጁን ለብቻሽ እንድታሳድጊ ፍርድ ቤት የወሰነበትን ወረቀት፣ ያለሱ አይንቀሳቀስም።

ጥያቄ፦ ሚስቴ ጀርመናዊት ናት፣ ከመጣሁ 3 አመት ሆነኝ። ፓስፖርት ላውጣ ወይስ ቋሚ መኖሪያው ይበቃል? የ3 አመቱ ቀርቷል ይላሉ።

የቀረው ሌላ ነው። በ2025 የተነሳው ከጀርመን ኑሮ ጋር በጣም ጥሩ ለተዋሃዱ ሰዎች የተሰጠው የ3 አመት የዜግነት አቋራጭ ነው፣ የጀርመን ዜጋ ላገባ ሰው ያለው አንቀፅ ግን ራሱን የቻለ ነው፣ 3 አመት መኖርና 2 አመት በትዳር መቆየት ይጠይቃል። ቋሚ መኖሪያውም በ3 አመት ይጠየቃል፣ ትዳሩ ካለና ቢ1 (መካከለኛ ደረጃ) ጀርመንኛ ካለህ።

ምርጫው ላይ ግን ተረጋግተህ አስብ። ጀርመን ከሰኔ 2024 ጀምሮ ሁለት ዜግነት ትፈቅዳለች፣ ኢትዮጵያ ግን አትፈቅድም፣ በዜግነት አዋጁ በ378/1996 መሰረት የሌላ አገር ዜግነት ስትወስድ የኢትዮጵያው ይቀራል። ከዛ በኋላ ያለህ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርዱ ነው፣ ያለ ቪዛ ትገባለህ፣ ትኖራለህ፣ ትሰራለህ፣ ግን መምረጥና መመረጥ የለም። አገር ቤት ፖለቲካ ውስጥ ወይ መንግስት ስራ ላይ ሀሳብ ካለህ ቋሚው ይሻልሃል፣ ኑሮህ እዛው ከሆነ ግን እኔ ብሆን ፓስፖርቱን እወስዳለሁ።

ጥያቄ፦ የጀርመን ሚስት አለኝ፣ ፈቃዴ ገና ጊዜያዊ ነው። እናቴ ስለታመሙ ጎንደር ሄጄ ስምንት ወር ላስታምማቸው አስቤያለሁ። ችግር አለው?

እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎት ጋሼ። ችግር አለው፣ ከ6 ወር በላይ ከወጡ ጊዜያዊው ፈቃድ በራሱ ጊዜ ይጠፋል፣ ካርዱ ላይ የተፃፈው ቀን ገና ቢሆንም። ግን ከመሄድዎ በፊት አውስሌንደርቤሆርደ ሄደው የሐኪም ማስረጃውን አስተርጉመው ካያያዙ ረዘም ያለ ጊዜ ሊፈቅዱልዎት ይችላሉ። መልሱን በቃል እንዳይቀበሉ፣ በፅሁፍ ያስወጡና ከፓስፖርትዎ ጋር ይዘውት ይጓዙ።