ዊዝድሮው ከመሙላትህ በፊት

«የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ የሦስተኛ ዓመት ኤሌክትሪካል ተማሪ ነኝ። ቅዳሜ ማታ ጣና ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ነፍሴ ጃዝ ላይ ነው። ኸርቢ ሀንኮክም ምህንድስና ትቶ ነው ኸርቢ ሀንኮክ የሆነው። እናቴ ግን ስነግራት አለቀሰች። ስጫወት ሰምታኝ እንኳ አታውቅም። ዊዝድሮው ሞልቼ ትምህርቱን ላቋርጥ?»

አትሙላ ወንድሜ። ሀንኮክን ካነሳህ ግን ታሪኩን አብረን እንየው።

አሜሪካዊው የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ሀንኮክ ቺካጎ ተወልዶ፣ በ11 ዓመቱ ከከተማው ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ሞዛርትን የተጫወተ ልጅ ነው። ኮሌጅ ሲገባ ምህንድስና ጀመረ፤ ከዚያ ወደ ሙዚቃ ዞረ። ዲፓርትመንት ቀየረ እንጂ ግቢውን ጥሎ አልወጣም። ከኮሌጅ በኋላም ቀን ፖስታ እያደለ ማታ ይጫወት ነበር። ምህንድስናውም ከእጁ አልጠፋም። ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥረው ሲንተሳይዘር ሲመጣ ሽቦና ቁልፍ አላስፈራውም። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣውን «ሄድ ሀንተርስ» አልበም ስማው፣ ይገባሃል።

እኔ አብልጬ የምወድለት ግን ሌላ ነው። በ1962 ለመጀመሪያ አልበሙ ዜማ ሲፈልግ የልጅነት ሰፈሩ ትዝ አለው። የሐብሐብ ሻጩ ጋሪ ጎማ ድንጋይ ንጣፉ ላይ ኳ ኳ ሲል። ያንን ምት ይዞ «ዋተርሜሎን ማን»ን ሠራ። ያንተም ሰፈር ኮብልስቶን አለው፤ ባጃጅ ሲንገጫገጭበት ስማው። በጠዋት ሐይቁ ዳር ውረድና የታንኳ መቅዘፊያ ውሃውን ሲመታ አድምጥ። ከዚያ በአንቺሆዬ ቅኝት ሞክረው።

ይቺን ደግሞ ልብ በል። ትራምፔት ተጫዋቹ ዶናልድ ባይርድ ሀንኮክን «የዜማህን መብት ለማንም አትስጥ፣ የራስህን አሳታሚ ድርጅት አቋቁም» ብሎ መከረው። ሰማው። ኩባዊው ከበሮ መቺ ሞንጎ ሳንታማሪያ ያንኑ «ዋተርሜሎን ማን»ን በ1963 ሲጫወተው አገር ምድሩ ወደደው፣ ገንዘቡም ለባለቤቱ መጣ። አንተም የሠራኸውን ሁሉ ቅረጸው፣ ቀን ጻፍበት፣ ከዚያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስመዝግብ። ሆቴል ውስጥ የተጫወትከውን ነገ ሌላ ሰው በስሙ ሊያወጣው ይችላል።

የቀረህ ሁለት ዓመት ነው። የቅዳሜውን ሥራ አትተው፣ የፈተና ሰሞን ብቻ ቀንስ። ለመመረቂያ ፕሮጀክትህ የትዝታንና የባቲን ቅኝት አስተካክሎ የሚያወጣ ትንሽ ሲንተሳይዘር ሥራ። እንዲህ ያለውን ነገር ሙዚቃ ብቻ የሚያውቅ አይሠራውም፣ ኤሌክትሪካል ብቻ የሚያውቅም አይሠራውም። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መፈተን ከፈለግህም ዲግሪህን ይዘህ አዲስ አበባ ውጣ።

እናትህን በዚህ ቅዳሜ ሆቴሉ ውሰዳት። ፊት ለፊት ወንበር አስይዝላትና እሷ የምትወደውን ትዝታ ተጫወትላት።