ሪፒተሩን እሰማለሁ፤ እሱ ግን አይሰማኝም

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። የቴክኒሺያን ፈቃድ (የአማተር ሬዲዮ የመጀመሪያ ደረጃ ፈቃድ) አውጥቼ የአካባቢያችንን አማተር ሬዲዮ ክለብ ተቀላቅያለሁ፤ ክለቡ በማዕበልና መብራት በሚጠፋበት ጊዜ መልእክት ያስተላልፋል። በ5 ዋት የእጅ ሬዲዮዬ ሳምንታዊውን ልምምድ ጥርት አድርጌ እሰማለሁ፤ ስጠራ ግን መልስ የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መስማትዎ ብዙም አያስገርምም፤ ሪፒተሩ፣ ማለትም የሌሎችን ድምፅ ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጨው ጣቢያ፣ ከፍታ ላይ ተቀምጦ ከእርስዎ በበለጠ ኃይል ያሰራጫል። አንቴና ከመግዛትዎ በፊት ቅንብሩን ይፈትሹ። ሪፒተር በአንድ ፍሪኩዌንሲ ያዳምጣል፣ በሌላ ያሰራጫል። በአሜሪካ በ2 ሜትር ባንድ (በሞገድ ርዝመቱ የሚጠራ የፍሪኩዌንሲ ክልል) ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ 600 ኪሎኸርዝ፣ በ70 ሴንቲሜትር 5 ሜጋኸርዝ ነው። ልዩነቱ የሚደመር ወይም የሚቀነስ መሆኑን ካሳቱ ባዶ አየር ላይ ነው የሚያወሩት።

ቀጥሎ ቶኑ። ብዙ ሪፒተሮች እንደ 100 ኸርዝ ያለ ዝቅተኛ ድምፅ አብሮ ካልተላከላቸው አይከፈቱም። ቁጥሩን ከክለቡ ይጠይቁና በማስተላለፊያው በኩል ያስገቡት፤ በመቀበያው በኩል ብቻ ከሆነ ዋጋ የለውም። የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭነውም አንድ ሰከንድ ይቆዩ፤ አለዚያ የጥሪ ምልክትዎ መጀመሪያ ይቆረጣል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ድምፅዎ ከተቆራረጠ፣ የ2 ሜትር አንቴና ራስዎ ይሥሩ፦ ኤስኦ-239 ሶኬት (የአንቴና ኬብል የሚሰካበት)፣ መሃሉ ላይ ቀጥ ያለ 49 ሴንቲሜትር የመዳብ ሽቦ፣ በአራቱ ማዕዘን ወደ ታች 45 ዲግሪ የታጠፉ 51 ሴንቲሜትር ሽቦዎች። ኬብሉን ያሳጥሩ፤ ቀጭኑ አርጂ-58 በ15 ሜትር ርዝመት ግማሹን ኃይል ይበላል። ውድ ሬዲዮ ገዝቶ በኬብል መቆጠብ ለእኛ አይታየንም።

በእውነተኛ አደጋ ጊዜ ግን አስተባባሪው ሳይጠራዎት አይናገሩ፤ ሲጠራዎት መልእክቱን ከወረቀት ላይ ቀስ ብለው ያንብቡ።