«ስሙ ራሱ ነው» ስላልሽኝ እህቴ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ባጃጅ ልገዛ ለአንድ ሰው 40,000 ብር ቀብድ በባንክ ላክሁለት። ከዚያ ስልኩን ዘጋ። ፌስቡክ ላይ አጣርቼ አገኘሁት፣ ስሙ ራሱ ነው፣ ቅዳሜ ገበያ ሱቅ አለው። ፎቶውንና ስልኩን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ሌባ ነው፣ ተጠንቀቁ» ብዬ ለጠፍሁት። አሁን ሰውዬው «እኔ አይደለሁም» ብሎ በጠበቃ ማስጠንቀቂያ ላከብኝ። በማግስቱ አጥፍቼዋለሁ። ልከሰስ እችላለሁ? ብሬስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ብሩ ከልቤ አዝናለሁ። እሱን በአጭሩ ልጨርሰው። ቀብድ ተቀብሎ ውሉን ያልፈጸመ ሰው በፍትሐ ብሔር ሕጉ እጥፉን ይመልሳል። ከመጀመሪያውም ሊያታልልሽ አስቦ ከሆነ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ይጠየቃል። የባንክ ደረሰኙንና የተጻጻፋችሁትን ይዘሽ ፖሊስ ጣቢያ አመልክቺ።

እኔን ያስጨነቀኝ «አጣርቼ አገኘሁት» ያልሽው ነው። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት፤ እንዴት እንዳጣራሽ አንድም ነገር የለበትም። ሻጩን በአካል አይተሽዋል? መታወቂያውንስ? የባጃጁን ሊብሬ አሳይቶሻል? አይተሽ ቢሆን ኖሮ ትነግሪኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። እኔ እንደገባኝ ስሙን ፌስቡክ ላይ ጻፍሽ፣ ባሕር ዳር የሚኖር ሰው መጣልሽ፣ በቃ እሱ ነው አልሽ። አትቀየሚኝና ይሄ ማጣራት አይደለም።

ደንበኞቼ ሁሌ የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው። እኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። የራስና የአባት ስም የሚገጥማቸው ሰዎች አንድ ከተማ ውስጥ ስንት እንደሚሆኑ አስቢው። አያይዘሽ የላክሽውን ደረሰኝ አሁን አውጥተሽ እይው። የተቀባዩ ስም እስከ አያት ተጽፏል። የፌስቡኩ ሰውዬ ግን የአያት ስም የለውም። ያቺን ሦስተኛ ስም ከምን ጋር አመሳከርሻት?

ፍለጋው ራሱም ያሳስታል። ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሀይሉ ሦስቱም አንድ ስም ናቸው፣ ጸጋዬና ፀጋዬም እንደዚሁ። በላቲን ሲጻፍ ደግሞ ሁሉም እንደመሰለው ነው የሚጽፈው። አንዱን አጻጻፍ ብቻ ከፈለግሽ ትክክለኛው ሰው ሳይመጣልሽ ቀርቶ ሌላው ብቻውን ሊመጣ ይችላል፤ አንድ ሰው ብቻ ሲመጣ ደግሞ ልብ ቶሎ ያምናል። በሁሉም አጻጻፍ ሞክሪ፣ የአያት ስም ጨምሪበት። ያኔም ቢሆን ያገኘሽው ጥርጣሬ ነው፣ ለፖሊስ የሚሰጥ እንጂ ለግሩፕ የሚለጠፍ አይደለም። ሒሳቡና ስልኩ የማን እንደሆነ መርማሪ በሕጋዊ መንገድ ጠይቆ ያወጣል።

ሌላም ያልነገርሽኝ አለ። የለጠፍሽው ስልክ ከየት መጣ? ሻጩ የደወለልሽበት ነው ወይስ ከሱቁ ገጽ ላይ የወሰድሽው? ቁጥሮቹ ከተለያዩ ነገሩ ያኔውኑ ሊያጠራጥርሽ ይገባ ነበር። የሆነ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ ወዳጅ «አይቼልሻለሁ» ብሎ ያወጣልሽ ከሆነ ደግሞ ለጠበቃሽ አትደብቂው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው መረጃ እንደ ድሮው በትውውቅ የሚወጣ ነገር አይደለም።

ልከሰስ እችላለሁ ወይ ላልሽው፣ አዎ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 የሰውን ክብርና ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ ወይም ምስል ያሰራጨን፣ ተበዳዩ አቤት ካለ፣ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 30,000 ብር መቀጮ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። የሱቁ ገበያ ቀዝቅዞበት ከሆነ የጉዳት ካሳም ሊጠይቅሽ ይችላል፤ ለዚህ ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ 2 ዓመት ነው። ፎቶውን ያለ ፈቃዱ መለጠፍሽ ደግሞ ለብቻው ጥያቄ ያስነሳል።

ማጥፋትሽ ጥሩ ነው፣ ግን አያድንሽም። ስክሪንሾት ያነሳ አለ፤ ማስጠንቀቂያው በእጅሽ መሆኑ ራሱ ይነግርሻል። ከዚህ በኋላ ሌላ ምንም ነገር እንዳታጠፊ። ከሻጩ ጋር የተጻጻፍሽውን፣ ደረሰኙን፣ የተደዋወላችሁበትን ቁጥርና ቀን አስቀምጪ፤ ካታለለሽ ሰው ጋር በእርግጥ ተገናኝተሽ እንደነበር፣ ሐሰት ፈጥረሽ እንዳልሆነ የሚያሳይልሽ እሱ ነው።

ደንግጠሽ ለባለሱቁ ደውለሽ «ጥፋተኛ ነኝ» እንዳትዪው፣ በግሩፑም ላይ ይቅርታ ብለሽ እንዳትጽፊ፣ ጠበቃ ሳያየው። ማስተባበያ መጻፍሽ አይቀርም፣ መጻፍም አለብሽ፤ ሰውዬው ንጹሕ ከሆነ በየቀኑ እየተጎዳ ነው። ግን ቃላቱ ፍርድ ቤት ስለሚቀርቡ ከጠበቃ ጋር ይጻፉ። አቅም ካነሰሽ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ሰነዶችሽን ይዘሽ ሂጂ። ከዚህ በላይ እኔ ሰነዱን ሳላይ በጽሑፍ ባልመክርሽ ይሻላል።

ማስጠንቀቂያው የመልስ ቀን ይኖረዋል። ዛሬውኑ እይው፣ ቀኑ ሳያልፍ ጠበቃ ጋ ድረሺ።