ሌላው ሲንቀሳቀስ እኛ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ሰሞኑን እህቴ ልጇን ስታበላ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ማንኪያውን ወደ ሕፃኑ ስታስጠጋ አፏ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ለካ የኔም አፍ ተከፍቷል! እናንተም በዚሁ ጉዳይ ብዙ ጠይቃችሁኛል። አምስቱን እነሆ።

ጥያቄ፦ «ኳስ ሳይ አጥቂው ሊመታ ሲል የኔም እግር ይወራጫል። አንዴ ጠረጴዛ መትቼ ብርጭቆ ሰብሬያለሁ። ጤነኛ ነኝ?»

ጤነኛ ነህ። እንዲያውም የሚገርመው የሁላችንም እግር አለመወራጨቱ ነው። ሰው ሲንቀሳቀስ ስናይ ዓይናችን ብቻ አይደለም የሚሠራው። የገዛ እጅና እግራችንን የሚያዘው የአንጎል ክፍልም አብሮ ይነቃቃል።

ጣሊያናዊው የአንጎል ተመራማሪ ሉቺያኖ ፋዲጋና ባልደረቦቹ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1995 ለክተውታል። ሰዎቹ ቁጭ ብለው ሌላ ሰው ዕቃ ሲያነሳ ያያሉ። እያዩ ሳለ ከራስ ቅላቸው ውጭ በተያዘ መሣሪያ ወደ አንጎላቸው የማግኔት ምት ይላካል። ምቱ የእጃቸውን ጡንቻ ብልጭ አድርጎ ያኮማትረዋል። ዕቃ ሲነሳ እያዩ ከሆነ ታዲያ ጡንቻው ይበልጥ ይኮማተራል። የትኛው ጡንቻ? ዕቃውን ራሳቸው ቢያነሱ የሚሠራው ጡንቻ። እጃቸው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ታዲያ ለምን ሁላችንም ተነስተን አንራገጥም? ፍሬን ስላለን ነው። ጦጣዎች ላይ በተደረገ ምርምር፣ ከአንጎል ወደ ህብለ ሰረሰር ትእዛዝ ከሚያወርዱት የነርቭ ሴሎች መካከል አንዳንዶቹ ጦጣዋ ራሷ ስትይዝ ይነቃሉ፤ ሌላው ሲይዝ ስታይ ግን ጭራሽ ጸጥ ይላሉ። ፍሬኑ ሲበላሽ ምን እንደሚሆን የምናየው ደግሞ ከሕሙማን ነው። የፊተኛው የአንጎል ክፍላቸው የተጎዳ አንዳንድ ሰዎች ሐኪሙ አገጩን ሲያሻሽ አገጫቸውን ያሻሻሉ። አድርጉ ያላቸው የለም። አንተ ጋ ፍሬኑ አለ፤ ጨዋታው ሲጦዝ ለአፍታ የሚላላ ይመስለኛል። ብርጭቆውን ራቅ አድርገህ አስቀምጥ።

ጥያቄ፦ «የመስታወት ነርቮች የሚባሉት እውነት አሉ ወይስ የኢንተርኔት ወሬ ናቸው?»

አሉ። ራስ ሲሠሩም፣ ሌላው ያንኑ ሲሠራ ሲያዩም የሚነቁ የነርቭ ሴሎች ናቸው። የተገኙት ጣሊያን ውስጥ፣ ፓርማ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጃኮሞ ሪዞላቲና ጓደኞቹ ጦጣ ምግብ ስትይዝ የሚሠሩ የነርቭ ሴሎችን እያጠኑ ነበር። አንደኛው ተመራማሪ ምግቡን ራሱ ሲያነሳ፣ ዝም ብላ የምታየው ጦጣ አንጎል ውስጥ ያው ሴል ነቃ። ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1992 አሳተሙ። በኋላ ላይ ደግሞ አንዳንዶቹ ሴሎች የድርጊቱን ድምፅ በመስማት ብቻ እንደሚነቁ ታወቀ። ወረቀት ሲቀደድ መስማት ይበቃቸዋል። በሰው ላይም፣ ለሚጥል በሽታ ሕክምና አንጎላቸው ውስጥ ቀጭን ሽቦ ከገባላቸው ታካሚዎች ተመሳሳይ ሴሎች ተመዝግበዋል፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው።

ወሬው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ቋንቋም፣ ርኅራኄም፣ ሥልጣኔም ከነዚህ ሴሎች መጣ ተባለ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ኦቲዝም ማለት የእነዚህ ሴሎች መሰበር ነው የተባለው ነው። ማስረጃው አልደገፈውም፤ ስንቱን ወላጅ ግን ግራ አጋብቷል። ልጃችሁ «የተሰበረ መስታወት» አለው የሚላችሁን አትስሙ።

ጥያቄ፦ «ዳንስ በቪዲዮ አይቼ መማር እችላለሁ? ስንት ሰዓት ባየሁ ይበቃኛል?»

ማየት ይጠቅምሻል። ግን ሰውነትሽ የማያውቀውን እንቅስቃሴ አንጎልሽ እንደ ባለሙያ አያየውም።

ተመራማሪዋ ቤያትሪስ ካልቮ ሜሪኖ የባሌት (በእግር ጣት ጫፍ የሚቆሙበት የአውሮፓ የመድረክ ውዝዋዜ) እና የካፖይራ (ትግል የሚመስል የብራዚል ውዝዋዜ) ተወዛዋዦችን አንጎል ቪዲዮ እያዩ ሳለ ቀረጸች። ሁለቱም ወገኖች ያዩት ያንኑ ቪዲዮ ነው። እንቅስቃሴን የሚያቅደው ክፍል ግን ይበልጥ የሠራው እያንዳንዱ የራሱን ውዝዋዜ ሲያይ ነው። «የለመዱትን ስላዩ ነዋ» ትይ ይሆናል። እሷም ይህንኑ ጠየቀች። የሁለተኛው ጥናቷ ብልሃት እጅግ ያስደስተኛል። በባሌት ወንዶች ብቻ የሚሠሩት፣ ሴቶች ብቻ የሚሠሩት እንቅስቃሴ አለ። አብረው ስለሚለማመዱ ግን ሁለቱንም ሲያዩ ነው የሚውሉት። ሆኖም አንጎላቸው ይበልጥ የተነሳሳው ራሳቸው ለሚሠሩት እንቅስቃሴ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ብዙ ማየታቸው ሳይሆን በገዛ አካላቸው መሥራታቸው ነው።

ቅርጫት ኳስ ላይም እንዲሁ ነው። ነፃ ውርወራ በቪዲዮ እያሳዩ መሃል ላይ ቢያቋርጡት፣ ኳሱ ይግባ አይግባ ቀድመው የሚያውቁት ተጫዋቾች ናቸው። አሠልጣኞችና የስፖርት ጋዜጠኞች ያን ሁሉ ውርወራ አይተውም ተጫዋቾቹን አልደረሱባቸውም። ተጫዋቾቹ ኳሱ ከእጅ ሳይወጣ ከወርዋሪው ሰውነት ያነቡታል።

ስለዚህ በሰዓት አልቆጥርልሽም። አንድ እርምጃ እይ፣ ቪዲዮውን አቁሚ፣ ተነሺና ሞክሪው። ከዚያ ያንኑ እርምጃ ድገሚና እይ። በመጀመሪያ ያላየሽው የተረከዝ አነሳስ፣ የትከሻ አቀማመጥ ድንገት ይታይሻል።

ጥያቄ፦ «ጓደኛዬን ፊቷ ሳይታየኝ ከሩቅ በአረማመዷ እለያታለሁ። እንዴት?»

ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጉናር ዮሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1973 የሰው መገጣጠሚያዎች ላይ ትናንሽ መብራቶች አስሮ በጨለማ ቀረጸ። የሚታየው ደርዘን ያህል ነጥብ ብቻ ነው። ሰውየው ሲቆም ነጥቦቹ ትርጉም የላቸውም። አንድ እርምጃ ሲራመድ ግን ተመልካቹ ወዲያው «ሰው ነው!» ይላል። አንጎላችን ለአካል እንቅስቃሴ ይህን ያህል ስል ነው። የጓደኛሽ አረማመድ ደግሞ ለዓመታት ያየሽው ነው።

ጥያቄ፦ «አባቴ ስትሮክ ከመታው በኋላ ቀኝ እጁ ደክሟል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሰው ኩባያ ሲያነሳ የሚያሳይ ቪዲዮ ተመልከት አለችው። እሱ ተናዶ "ቴሌቪዥን እያየሁ ልድን?" ይላል።»

ንዴታቸው ይገባኛል። አንድ ትልቅ ሰው ኩባያ ማንሳት እንደ አዲስ ተማር ሲባል ቀላል አይደለም። ግን ባለሙያዋ ከመሬት ተነስታ አላመጣችውም። የመጀመሪያውን ጥያቄ መልስ አንብቢላቸው፤ ሰው ሲያነሳ ማየት የማንሻውን ጡንቻ መንገድ ያነቃቃል። እጁ እምቢ ሲል በዓይን በኩል መግባት ነው ሐሳቡ። በጥናቶች የክንድና የእጅ አጠቃቀምን ሲያሻሽል ታይቷል፤ ተአምር ግን አይሠራም፣ ከሌላው ሕክምና ጋር የሚሄድ ነው።

ዋናው ነገር ቪዲዮው ሲያልቅ አለመነሳት ነው። ለጥቂት ደቂቃ በትኩረት ካዩ በኋላ ያንኑ እንቅስቃሴ ወዲያው በደከመው እጅ ይሞክሩ። ኩባያው ከፊታቸው ይቀመጥ፤ ባዶ ይሁን። ጣታቸው የኩባያውን ጆሮ ነክቶ ቢመለስም የዚያን ቀን ሥራ ተሠርቷል። አንቺም አጠገባቸው ተቀምጠሽ በራስሽ ኩባያ ቀስ ብለሽ አሳዪያቸው።